ቁጭ በይ

1982 ዓ.ም.፣ የመስቀል ሰሞን። አማኑኤል ሆስፒታል የሴቶች ክፍል ውስጥ ካርድ በእጄ ይዤ አንዲት ሕመምተኛ ፊት ቆሜያለሁ። ሴትየዋ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳውን ታያለች። «እንዴት አደርሽ? እንቅልፍ ወሰደሽ? ቁርስ በላሽ? ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሻል?» በተማርኩት ቅደም ተከተል ጠየቅኋት። አንዱንም አልመለሰችልኝም። «አትናገርም» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን ሳወጣ ከኋላዬ የመምህሬ ድምፅ መጣ።

«ሲስተር፣ ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ቆመሽ ነው የምታጽናኚው?»

«አይደለም» አልኩ ደንግጬ።

«እንግዲያው ቁጭ በይ።»

ከጥግ በርጩማ ስቦ ሰጠኝና ሄደ። ቁጭ አልኩ። የምለው ስለጠፋኝ ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ከአልጋው እግር ተነስታ ብርድ ልብሱ ላይ እስክትወጣ ድረስ እንዲሁ ቆየን። ከዚያ ሴትየዋ ነጠላዋን ከአፏ ዝቅ አደረገችና ወደ እኔ ሳትዞር፣ «የልጄ አርባ መቼ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ልጅ እንደሞተባት እስከዚያች ሰዓት ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት፣ በመምህርነትና በተመራማሪነት ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ የድሮ ደብተሮቼን ሳገላብጥ፣ ያስተማርኩትም የመረመርኩትም አንድ ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ፤ የተጨነቀ ሰው አጠገብ እንዴት ይቀመጣል?

ይህን ሙያ መርጬ አልገባሁበትም። በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ሆኜ አራተኛ ዓመቴን እንደያዝኩ፣ ለአእምሮ ሕክምና ሥልጠና አንድ ነርስ ይላክ የሚል ደብዳቤ መጣ። የሚሄድ ጠፋ። ከሁሉም ታናሽ እኔ ስለነበርኩ ስሜ ተላከ። እናቴ ስትሰማ፣ «ደህናይቱን ልጄን ለእብድ አሳልፈው ሰጡብኝ» ብላ አለቀሰች። ሕመሙ ይጋባል ብላ ፈርታ ነው። አክስቴ በበኩሏ የሚያገባኝ እንደማላገኝ ነገረችኝ።

አዲስ አበባ መጥቼ ወደ መርካቶ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ተሳፍሬ «አማኑኤል ላይ ወራጅ አለ» ስል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። ያን ጊዜ «አማኑኤል ግባ» ማለት በከተማው የለየለት ስድብ ነው። ዓይኑ ሲከብደኝ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እየወረድኩ በእግሬ መሄድ ለመድኩ። አንድ ቀን ግን አንዲት እናት ወጣት ልጇን ደግፋ ስትወርድ፣ ለጠየቃት ሰው ሁሉ «ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም ነው» ስትል ሰማኋት። ልጁ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ደግሞ የሆስፒታሉን ካርድ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ደብቃዋለች። እናት የልጇን ሕመም እንዲህ ተሸክማ ስትደበቅ ካየሁ በኋላ የእኔ መደበቅ አሳፈረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ እዚያው ወራጅ አለ አልኩ።

ሥልጠናው በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ፣ እዚያው አማኑኤል ውስጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ለአሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል ያ አንድ ብቻ ነው። የአእምሮ ሐኪሞቻችን በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አንድ ሐኪም በዚህ ሙያ ለመሠልጠን ውጭ አገር ሄዶ ዓመታት መቆየት ነበረበት። ከሐረርጌም ሆነ ከጎጃም የታመመ ሰው ዘመድ ተከትሎት፣ አንዳንዴም ታስሮ፣ አዲስ አበባ ድረስ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ልምድ ያላቸውን ነርሶች አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ሁለት ሁለት እያደረጉ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል መመደብ ተጀመረ። እዚያ ክፍል ይከፍታሉ፣ ይመረምራሉ፣ መድኃኒት ያዝዛሉ። ነርስ መድኃኒት ያዝዛል ማለት ያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። እኛም እንደ ሐዋርያት ሁለት ሁለት ሆነን ወጣን።

የተመደብኩበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። የተሰጠን ክፍል የተሰበሩ አልጋዎች የሚከማቹበት መጋዘን ነበር። ባልደረባዬና እኔ ጠርገን፣ ኖራ ቀብተን፣ ከእንጨት ሠሪ ሁለት በርጩማ ገዝተን ሥራ ጀመርን። በመደርደሪያችን ላይ የነበረው ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፌኖባርቢታል፣ ለእንቅልፍ የሚሆን ዳያዜፓም፣ ከዚያ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው ሞዲኬት ነው። ይህን ይዘን ለአንድ አውራጃ ሕዝብ ተቀመጥን።

በመጀመሪያ የመጡልን አብዛኞቹ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው። እሳት ላይ ወድቀው ፊታቸው የተቃጠለ ልጆች ይመጣሉ። በሽታው በምራቅ ይጋባል እየተባለ፣ ሲወድቁ የሚያነሳቸው የለም፤ ክብሪት ለኩሰው ያሸቷቸውና ይርቃሉ። በርካሹ በፌኖባርቢታል መውደቋ ቆሞላት ትምህርት ቤት የተመለሰች አንዲት ልጅ፣ ከመቶ ስብከት በላይ ሰበከችልን። ከዚያ ወዲያ ሰው ጎርፍ ሆኖ መጣ።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት መጥታ፣ «ልጄ ታሞብኛል፤ ላመጣው ግን አልችልም» አለችኝ። ለምን አትችይም ብላት ዝም አለች። መርፌዬን ይዤ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ተከተልኳት። ቤቱ ስደርስ ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ እግሩ በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ሰንሰለቱ ከቆዳው ጋር ተላምዶ ቁርጭምጭሚቱን ጥቁር አምባር አድርጎታል። የሰንሰለቱ ቁልፍ ከእናቱ አንገት ላይ ከማተቧ ጋር አንድ ላይ ተንጠልጥሏል።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ልቆጣ አፌን ስከፍት የመምህሬ ቃል ትዝ አለኝና መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትየዋ ቡና ቆላች። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ወሬዋ መጣ። ሦስት ጊዜ ጠበል ወስዳዋለች። የነበራትን አንድ በሬ ሸጣለች። አንድ ሌሊት ልጁ ወጥቶ ገደል ከመግባት ለጥቂት ተርፏል። «ስፈታው ልጄ ይሞትብኛል፤ ሳስረው ነፍሴ ትታሰራለች። ልጄ፣ ሦስተኛ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ማተቧና ቁልፉ ለምን አንድ ክር ላይ እንደዋሉ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጇን ያሰረችው በፍቅር ነበር፤ ሌላ የሚይዝላት ስላልነበረ።

«መርፌው ከጠበሉ ጋር ይጣላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይጣላም፤ ጠበሉንም ይጠመቅ፣ መርፌውንም ይወጋ» አልኳት።

በየወሩ ሄድኩ። በሦስተኛው ወር ልጁ ራሱ በር ላይ ቆሞ ተቀበለኝ። በአራተኛው ከጫካ እንጨት ተሸክሞ ሲመጣ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ሰላም ብሎኝ አለፈ። እናቱ አንገት ላይ ማተቡ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ መድኃኒቱ አለቀ። ደብዳቤ ጻፍን፤ መልስ የለም። ባልደረባዬ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። አምስት ወር ቆይቶ መርፌው ሲመጣ፣ ያቺን መንገድ እየሮጥኩ ሄድኩ። ልጁ ወደ ምሰሶው ተመልሷል። ቁልፉም ወደ ማተቡ ተመልሷል። እናቲቱ አልወቀሰችኝም፤ ቡና አፈላችልኝ። ባትወቅሰኝም ያ ቡና ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ቀረ። ወደ መምህርነትና ወደ ምርምር የገፋኝ ያ ቀን ነው። አንድ ነርስ በአንድ በርጩማ የምትፈታውን፣ የመድኃኒት እጥረት በአንድ ቀን መልሶ ያስረዋል። ያንን በማስረጃ ተናግሮ የሚያሰማ ሰው ያስፈልጋል አልኩ።

በ1988 ዓ.ም. አንድ የጤና ተቋም ውስጥ ነርሶችን ማስተማር ጀመርኩ። ከመማሪያ መጻሕፍቱ መካከል የማረከችኝ የሂልደጋርድ ፔፕላው ሥራ ናት። ፔፕላው አሜሪካዊት ነርስ ነበረች፤ በነርስና በሕመምተኛ መካከል ስላለው ግንኙነት የጻፈችው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ነርስ ለሕመምተኛው መጀመሪያ እንግዳ ናት፣ ቀጥላ አስተማሪ፣ አማካሪ፣ አንዳንዴም በእናት ወይም በእህት ቦታ የምትቆም ሰው ትሆናለች፤ ይህ ግንኙነት ራሱ ሕክምና ነው ትላለች። የሚገርመው፣ ክሎርፕሮማዚንም ለአእምሮ ሕመም ፓሪስ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በዚያው በ1952 ነው። በአንድ ዓመት ሁለት መድኃኒት ተወለደ ማለት ነው፤ አንደኛው የሚዋጥ፣ ሁለተኛው የሚቀመጥ። እኛ ዘንድ እንክብሉ ቶሎ ደረሰ። ሁለተኛውን ማድረስ የእኔ ድርሻ ነው ብዬ ያዝኩት።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ዋና ልምምድ አንድ ነበር። ሉክ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይከፈላል። በመጀመሪያው ዓምድ ሕመምተኛው የተናገረው ቃል በቃል ይጻፋል። በሁለተኛው ተማሪው የመለሰው። በሦስተኛው ያን ጊዜ ተማሪው የተሰማው። ሁለቱን ዓምዶች ሁሉም ይሞላሉ። ሦስተኛው ላይ ብዕራቸው ይቆማል። «ፈራሁ» ብሎ መጻፍ ያሳፍራቸዋል። «አናደደኝ» ማለት፣ «አባቴን መሰለኝ» ማለት፣ «ልሸሽ ፈለግሁ» ማለት ይከብዳቸዋል። ያደግንበት ባህል የሐዘንተኛን ፊት ማንበብ በደንብ ያስተምረናል፤ የራስን ልብ አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ግን ነውር ይመስላል። እኔ ግን እላቸው ነበር፦ «ፍርሃታችሁን ካላወቃችሁት፣ ሕመምተኛው ላይ ቁጣ ሆኖ ይወጣል።»

በየዓመቱ፣ በዚህ ልምምድ መጀመሪያ ቀን፣ የራሴን ገጽ አነብላቸዋለሁ። በክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ሳለሁ ነው። ገበያ ቀን ነበር፤ ሰልፉ ከበር አልፎ ግቢው ውስጥ ተጠምዝዟል። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ሚስታቸው ከሞቱ ዓመት ያልሞላቸው፣ መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። «እንዴት ነዎት አባቴ?» አልኳቸው ቆሜ። «ደህና ነኝ ልጄ፤ ከእንግዲህስ ደህና ነኝ» አሉኝ። መድኃኒቱን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። እጄን ሳሙና ሄዱ። በሦስተኛው ቀን በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን እንዳጠፉ ሰማሁ። «ከእንግዲህስ» የምትለዋን ቃል የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ቁጭ ብል ኖሮ እዚያው እሰማት ነበር። በሦስተኛው ዓምድ ላይ «ቸኮልኩ» ብዬ ጽፌያለሁ። ይህን ሳነብ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ተማሪዎቹም ከዚያ በኋላ የራሳቸውን መጻፍ ይጀምራሉ።

ምርምርን የተማርኩት ቡታጅራ ነው። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የገጠር ጤና ጥናት ማእከል ያቋቋመባት ወረዳ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በዚያ ያካሄዱት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠየቀ። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ የአካባቢው ወጣቶች መጠይቅ ይዘው በየእንሰቱ ጓሮ ዘለቁ። ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ተለዩ፤ ለዓመታትም ክትትል ተደረገላቸው። ያን ጊዜ ለጥቂት ወራት ወደዚያ ስመላለስ ያየሁት፣ ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድም ቀን ዘመናዊ ሕክምና ደጃፍ ደርሰው እንደማያውቁ ነው። ሕመሙ የሌለ እየመሰለ በየጓዳው ተቀምጦ ኖሯል። ለእነሱም የተከፈተውን የቡታጅራ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል የሚመሩት የእኛ ነርሶች ነበሩ።

እዚያ ነው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የተማርኩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጠይቅ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ዋናውን ሳያይ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ ይመሳከራሉ። በወረቀት ላይ ልክ የመጣው ጥያቄ ግን ሰው ፊት ሲቀርብ ይሰበራል። «ድብርት ይሰማሻል?» ብዬ አንዲት ሴት ብጠይቅ፣ «ዛሬማ ደመና ነው፣ ማንን የማይደብረው አለ?» አለችኝ። ድብርት ለእሷ የቀን ስም ነው፣ የሕመም ስም አይደለም። ዛሬ በጋዜጣና በሬዲዮ የለመድነው «ድባቴ» ያን ጊዜ ገጠር አይታወቅም። ሰው ሐዘኑን በሆዱ፣ በልቡና በራሱ ነው የሚናገረው። «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ተሰበረ»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «እህል አስጠላኝ» ይላል።

ከሁሉም የከበደችው ስለ ሞት ያለችው ጥያቄ ናት። ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ ሲባል፣ ክርስቲያኗ «ሎቱ ስብሐት» ብላ ታማትባለች፣ ሙስሊሟ «አዑዙ ቢላህ» ትላለች፤ መልሱ «አይ» ተብሎ ይሞላል። አንድ ከሰዓት አንዲት ጎልማሳ ሴት «አይ» ካለችኝ በኋላ መጠይቁን አጥፌ እዚያው ቁጭ አልኩ። ቆጮዋን እየቆረሰች አቀረበችልኝ። ከብዙ ወሬ በኋላ፣ «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ፣ ሲመሽ ሲመሽ» አለች። ይኸው መልሱ። የአገሩ ሰው መሞት መፈለጉን የሚናገርበት የራሱ መንገድ አለው፤ ጥያቄያችን በዚያ መንገድ ላይ አልቆመም ነበር። ከዚያ በኋላ በሠራኋቸው ጥናቶች ሁሉ፣ አንድም ቃል ከመተርጎሜ በፊት መጀመሪያ እየዞርኩ ሰው እንዴት እንደሚያዝን እሰማ ነበር።

ሌላም ነገር ከቡታጅራ ሰዎች ተማርን። ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ለምን ያቋርጣሉ ብለን ስንጠይቅ፣ እምነት ነው፣ አለማወቅ ነው ብለን ገምተን ነበር። እነሱ ግን «መድኃኒቱ ያስርበኛል፤ የምበላው የለኝም» አሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት ይከፍታሉ። መሶቡ ባዶ በሆነበት ቤት የተከፈተ ረሃብ ስቃይ ነው። በዚያው አካባቢ የተሠራ ጥናትም ይህንኑ፣ የምግብ እጦት መድኃኒት ለማቋረጥ ዋና ምክንያት መሆኑን አረጋግጦ አሳተመ። እንግዲህ «መድኃኒትህን በአግባቡ ውሰድ» ብሎ መምከር ብቻውን ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ የሚይዙት ካርድ ላይ ከመድኃኒቱ መጠን በላይ «ቤት ውስጥ ምን ይበላል?» የምትል ጥያቄ አስገባሁ።

የመጀመሪያ ጽሑፌን ይዤ አንድ ኮሚቴ ፊት የቀረብኩበትን ቀን አልረሳውም። ተቋሙንም ያናገረኝን ሰውም አልጠቅስም። ጽሑፉን እንኳ ሳይገልጥ፣ «ሐኪም ስሙ አለበት?» አለኝ። የለበትም አልኩ። «ነርስ ሕመምተኛ ትንከባከብ፤ ምርምሩን ለባለቤቱ ትተው» አለኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በኋላ ስለ ፔፕላው ሳነብ፣ ያ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1948 ተጽፎ አልቆ፣ ሐኪም አብሮ ያልጻፈው የነርስ መጽሐፍ አይታተምም ተብሎ አራት ዓመት መቆየቱን አገኘሁ። ያ ታሪክ አጽናናኝ፤ አጸናኝም። ነርስ ከሕመምተኛው ጋር ሌሊቱን የምታድር፣ ሲበላና ሲተኛ የምታይ፣ ቤተሰቡን በስም የምታውቅ ናት። እሷ ያየችውን ካልጻፈች፣ ያ እውቀት ከእሷ ጋር ጡረታ ይወጣል። ጽሑፌን አሻሽዬ ወደ ሌላ ላክሁት፤ በስሜ ታተመ። ከዚያ በኋላ አንድም ተማሪዬ ያየውን ሳይጽፍ እንዲመረቅ አልፈቀድኩም።

ዘመኑ ብዙ ነገር ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ቤት ማሠልጠን ጀመረ። ጎንደርና ጅማ በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ከፈቱ፤ አንድ ዓመት ሠልጥነን የወጣን ነርሶች ልጆቻችን ማስተርስ ይዘው በየሆስፒታሉ ሲቀመጡ አየን። እ.ኤ.አ. በ2012 ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ፤ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲገባ የሚል ነው። በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ማከም ጀመሩ።

እንዲህ ያለው ሥራ በትክክለኛ ሙከራ ተፈተነ። በሚዛኑ አንድ ወገን በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርስ የሚሰጠው ሕክምና ተቀመጠ፤ በሌላው ወገን ጤና ጣቢያ ያለው ተራ ባለሙያ የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት የጤና ጣቢያው ሕክምና ከነርሶቹ እንደማያንስ አሳየ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ቅር አላቸው፤ ሙያችን ተናቀ አሉ። እኔ ግን ደስ አለኝ። በ1982 ዓ.ም. በርጩማ ሰጥቶ ያስቀመጠኝ መምህር የሚመኘው ይህንን ነበር። የዚያች ባለ ማተብ እናት ቤት ከሆስፒታል ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ይርቃል፤ ጤና ጣቢያ ግን ቀበሌዋ አጠገብ አለ። ከዚህም ሌላ፣ በዚያ ሙከራ መመዘኛ ሆኖ የቀረበው የነርስ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ «ባለቤቱ አይደለሽም» የተባልንበት ሥራ፣ ሌላው የሚለካበት መስፈሪያ ሆነ።

ስጋቴ ሌላ ነው። ሥልጠናው ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው መቀመጥ ነው። የመድኃኒት ስምና መጠን በአምስት ቀን ይጠናል። «ከእንግዲህስ» የምትለዋን ቃል መስማት በአምስት ቀን አይጠናም። ደጁ በሕመምተኛ የተሞላ ባለሙያ ጊዜ የለኝም ሲል እውነቱን ነው፤ እኔም ያን ገበያ ቀን ጊዜ አልነበረኝም። ስለዚህ ለሚተኩኝ መምህራን የምለምነው፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ ማንኛውንም ብትቀንሱ ያቺን ሦስት ዓምድ እንዳትቀንሷት ነው።

ከደብተሮቼ መካከል አንድ ገጽ ለብቻው በላስቲክ አስቀምጫለሁ። የጻፈው አንድ ዝምተኛ ተማሪ ነው። ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «መምህር፣ እወድቃለሁ መሰለኝ» አለኝ። ለምን ስለው፣ «ሕመምተኛዬ ምንም አልተናገረም፤ የምጽፈው አጣሁ» ብሎ ወረቀቱን አቀበለኝ። ሦስቱም ዓምዶች ተሰምረዋል። በመጀመሪያው «ዝም አለ» ይላል። በሁለተኛው፣ «እኔም ዝም አልኩ። ፀሐይ ፊቱ ላይ ስትመጣበት ወንበሩን ወደ ጥላው አዞርኩለት» ይላል። ሦስተኛው ዓምድ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ወረቀቱን ወደ መስኮት አስጠግቼ ነበር፤ ጽሕፈቱ ደቃቅ ነው።

«መሄድ አልፈለግሁም» ይላል።

ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት፤ ለእሱም ወንበር ስቤ «ቁጭ በል» አልኩት።